ሲፕሮፍሎክሳሲንን በቤንቶናይት ማስወገድ፦ በዲስቲልድ ውኃ የሠራው በፍሳሽ ውኃ ለምን ደከመ?

ጥያቄ፦ ከ«የውኃ ተማሪ»

ጤና ይስጥልኝ። የአካባቢ ኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ጥናቴም የአንቲባዮቲክ ቅሪቶችን በተፈጥሮ ማዕድናት አማካይነት ከውኃ ማስወገድ ላይ ያተኮረ ነው። የምሠራባቸው ማዕድናት ሁለት ሲሆኑ፣ አንደኛው ከአሸዋና ከካርቦኔት የጸዳ ቤንቶናይት የተባለ የሸክላ ዓይነት፣ ሁለተኛው ደግሞ ክሊኖፕቲሎላይት የሚባለው የዜኦላይት ዓይነት ነው። የቤንቶናይቱ ካታዮን (አዎንታዊ አዮን) የመለዋወጥ አቅም በግራም 1.0 ሚሊኢኩቫለንት (የአዮኖች የኤሌክትሪክ ሙል፣ ማለትም ቻርጅ፣ መለኪያ)፣ የዜኦላይቱ 1.6 ሚሊኢኩቫለንት ሆኖ ተለክቷል።

አሠራሬ እንደሚከተለው ነው። በ50 ሚሊሊትር ብጥብጥ ውስጥ 25 ሚሊግራም ማዕድን እጨምራለሁ፤ ይህም በሊትር ግማሽ ግራም መሆኑ ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ መነሻ ክምችቱ በሊትር 20 ሚሊግራም ነው። ለ24 ሰዓት ካናወጥኩት በኋላ በሴንትሪፊዩጅ እለየውና በውኃው ውስጥ የቀረውን መድኃኒት በአልትራቫዮሌት ስፔክትሮፎቶሜትር በ276 ናኖሜትር እለካለሁ። ፒኤቹ (የአሲድነት ደረጃው) 5.5 በሆነ ዲስቲልድ ውኃ ቤንቶናይቱ 96 በመቶውን ሲይዝልኝ በጣም ተደስቼ ነበር። ይሁንና ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ የመጨረሻ ገንዳ በቀዳሁት፣ ፒኤቹ 7.9፣ ካልሲየሙም በሊትር 80 ሚሊግራም በሆነ ውኃ ያንኑ ሥራ ስደግመው ውጤቱ ወደ 61 በመቶ ወረደ። ሦስት ጊዜ ብደጋግመውም ለውጥ አላገኘሁም። ዜኦላይቱ ደግሞ የመለዋወጥ አቅሙ ከቤንቶናይቱ በልጦ ሳለ በዲስቲልድ ውኃ እንኳ ከ10 በመቶ በላይ አልያዘም። ሰልፋሜቶክሳዞል የተባለውን ሌላ አንቲባዮቲክ በሁለቱም ማዕድናት ብሞክረው ክምችቱ ምንም ሳይነካ ተመለሰ።

ሥራውን ወደ ተከታታይ ፍሰት ለማሸጋገር ቤንቶናይቱን በመስታወት አምድ ሞልቼ ውኃ ባሳልፍበት፣ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ዱቄቱ አብጦ እንደ ጭቃ ረግቶ ጠብታ አላሳልፍ አለ። በፍሳሹ ውኃ ውጤቱ የወረደበትን ምክንያት ባልደረቦቼ የማዕድኑ አቅም ስለሞላ ነው፣ መጠኑን ጨምሪ ይሉኛል። ይህ ትክክል ነው ወይ? ለአምዱስ ምን ማድረግ ይሻላል? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

መልስ 1፦ ከ«ሸክላ አጥኚ»

ጤና ይስጥልኝ። የሙከራዎን ቁጥሮች በዝርዝር ማስቀመጥዎ ለመልሱ ብዙ ረድቶናል። ከባልደረቦችዎ አስተያየት ልጀምርና፣ ማዕድኑ አልሞላም። በዲስቲልድ ውኃ እያንዳንዱ ግራም ቤንቶናይት የያዘው 38.4 ሚሊግራም መድኃኒት ነው፤ ከ20 ላይ በውኃው የቀረውን 0.8 ቀንሰን ለ0.5 ስናካፍለው የምናገኘው ይህንኑ ነው። የሲፕሮፍሎክሳሲን ሞላዊ ክብደት 331 ግራም በሞል ስለሆነ፣ የልውውጥ ቦታዎቹ ሁሉ አንድ አዎንታዊ ሙል ባለው መድኃኒት ቢያዙ ማዕድንዎ በግራም እስከ 331 ሚሊግራም ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ በተሻለው ውጤትዎ እንኳ የተጠቀሙት ከአቅሙ 12 በመቶ የማይሞላውን ነው። በፍሳሹ ውኃ ደግሞ የተያዘው በግራም 24.4 ሚሊግራም ብቻ ነው። ዘጠና በመቶው ቦታ ለመድኃኒቱ ሳይውል ቀርቶ ሳለ ሞላ ሊባል አይችልም።

ሁለተኛው ነጥብ ከመቶኛ አነጋገር ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ በዚህ ዘርፍ በሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ላይ አንባቢን የሚያሳስተው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ከ96 ወደ 61 በመቶ መውረድ ሲታይ የአንድ ሦስተኛ ያህል ቅናሽ ይመስላል። ነገር ግን መለካት ያለበት በማዕድኑ ላይ ያለው መጠን በውኃው ውስጥ ከቀረው ክምችት ጋር ያለው ጥምርታ፣ ማለትም የክፍፍል መጠኑ ነው። በዲስቲልድ ውኃ 38.4 ለ0.8 ሲካፈል በግራም 48 ሊትር ይሆናል። በፍሳሹ ውኃ ግን 24.4 ለ7.8 ተካፍሎ 3.1 ብቻ ይወጣል። ማዕድኑ ለመድኃኒቱ ያለው ዝምድና በ15 እጥፍ ያህል ወድቋል ማለት ነው። መቶኛው ይህን የሚሸፍንብን፣ ወደ መቶ በተጠጋ ቁጥር ትልቅ ልዩነትን አጥብቦ ስለሚያሳይ ነው።

ዝምድናው የወደቀበት ምክንያት ከሁለት አቅጣጫ ይመጣል። ሞንትሞሪሎናይት፣ ማለትም የቤንቶናይት ዋና ማዕድን፣ ውፍረታቸው አንድ ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ንጣፎች እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደራረቡበት ነው፤ ንጣፎቹ ቋሚ አሉታዊ ሙል ስላላቸው በመካከላቸው ሶዲየምና ካልሲየምን የመሰሉ አዎንታዊ አዮኖችን ይይዛሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገባው እነዚህን አዮኖች አስወጥቶ በቦታቸው በመተካት ነው። የመድኃኒቱ ሁለት የፒኬኤ ነጥቦች፣ ማለትም የሞለኪዩሉ ሙል የሚቀየርባቸው የፒኤች ደረጃዎች፣ 6.1 እና 8.7 አካባቢ ናቸው። በፒኤች 5.5 ከሞለኪዩሎቹ 80 በመቶ ያህሉ ሙሉ በሙሉ አዎንታዊ ሲሆኑ፣ በፒኤች 7.9 ግን አዎንታዊ ብቻ ሆነው የሚቀሩት ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ አብዛኞቹ በአንድ ጫፍ አዎንታዊ፣ በሌላው አሉታዊ ሙል ይይዛሉ። ሆኖም እንዲህ ያለው ባለሁለት ሙል ሞለኪዩል አዎንታዊ ጫፉን ወደ ንጣፉ አዙሮ መያዝ ስለሚችል፣ ፒኤች ብቻውን ይህን ያህል ያወርደዋል ብዬ አልገምትም። አያያዙ ክፉኛ የሚዳከመው ፒኤቹ ከ8.7 ሲያልፍ ነው።

እኔ ይበልጥ የምጠረጥረው ካልሲየሙን ነው። በሊትር 80 ሚሊግራም ካልሲየም ማለት 4 ሚሊኢኩቫለንት ማለት ነው። በብጥብጡ ውስጥ ያለው ማዕድንዎ በሊትር ግማሽ ግራም ስለሆነ የልውውጥ ቦታው ሁሉ ቢደመር 0.5 ሚሊኢኩቫለንት ነው። ስለዚህ ውኃው ውስጥ ያለው የካልሲየም ሙል ከማዕድኑ ቦታዎች ስምንት እጥፍ፣ ከመድኃኒቱ ሞለኪዩሎች ደግሞ ከ60 እጥፍ በላይ ነው። ማግኒዥየሙና ሶዲየሙ ገና አልተቆጠሩም። በዚህ ላይ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር በውኃው ውስጥ እንዳሉ ተጣምረው ሞለኪዩሉን ከማዕድኑ ሊያዘገዩት ይችላሉ። በውኃው የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስም የራሱ ድርሻ ይኖረዋል።

ይህን ለመለየት ሦስት ሙከራዎች ይበቃሉ። ዲስቲልድ ውኃ ወስደው መጀመሪያ ፒኤቹን ብቻ ወደ 7.9 ያስተካክሉ፤ ቀጥሎ ፒኤቹን 5.5 ላይ ጠብቀው በሊትር 2 ሚሊሞል ካልሲየም ክሎራይድ ይጨምሩ፤ በመጨረሻ ሁለቱን አንድ ላይ ያድርጉ። ሦስተኛው ሙከራ ከፍሳሹ ውጤት ጋር ካልተቀራረበ የቀረውን ልዩነት በኦርጋኒኩ ላይ መፈለግ ነው። ፒኤች ለማስተካከል ግን የፎስፌት በፈር (ፒኤችን የሚያጸና ብጥብጥ) እንዳይጠቀሙ አደራ እላለሁ፤ ከካልሲየም ጋር ተዋሕዶ ይዘቅጥና ሙከራውን ያበላሸዋል።

የዜኦላይቱ ጉዳይ አጭር ነው። የክሊኖፕቲሎላይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ከ0.3 እስከ 0.75 ናኖሜትር የሆኑ የማይለጠጡ መስኮቶች ናቸው። አሞኒየም በቀላሉ ያልፋል፤ 1.35 ናኖሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲፕሮፍሎክሳሲን ግን በዙሪያው የውኃ ሞለኪዩሎች ተሸክሞ ስለሚመጣ ወደ ውስጥ አይዘልቅም። የለኩት 1.6 ሚሊኢኩቫለንት በአብዛኛው ከመስኮቱ ጀርባ ያለ ስለሆነ፣ ለመድኃኒቱ የሚቀረው የቅንጣቱ ውጫዊ ገጽ ብቻ ነው። ሞንትሞሪሎናይት የሚለየው ንጣፎቹ እንግዳውን ለማስገባት የሚራራቁ በመሆናቸው ነው። የንጣፎችን ርቀት የሚለካውን የኤክስሬይ ዲፍራክሽን መሣሪያ ማግኘት ከቻሉ ይህን በዓይንዎ ያዩታል፤ መዳብ ጨረር በሚጠቀም መሣሪያ 5.9 ዲግሪ አካባቢ የሚታየው ጫፍ 1.5 ናኖሜትር ርቀትን ያመለክታል፤ መድኃኒት የያዘውንና ያልያዘውን ናሙና በአንድ ዓይነት መንገድ አድርቀው ጎን ለጎን ያነጻጽሩ።

ሰልፋሜቶክሳዞል ሁለተኛው ፒኬኤ 5.7 ገደማ ስለሆነ በእርስዎ የፍሳሽ ውኃ ውስጥ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሉታዊ ነው፤ አሉታዊ ንጣፍ ደግሞ ይገፋዋል። ለእሱ ንጹሕ ሸክላ አይሆንም። ንጣፎቹን ረጅም ሰንሰለት ባላቸው የአሞኒየም ጨዎች ማልበስ ይቻላል፤ ነገር ግን እነዚህ ጨዎች እየተላቀቁ ወደ ውኃው ከገቡ ራሳቸው የውኃ ፍጥረታትን ስለሚጎዱ ሳልጠነቀቅ አልመክረውም። ለዚህ መድኃኒት አክቲቬትድ ካርቦን ይሻላል።

መልስ 2፦ ከ«የማጣሪያ ባለሙያ»

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ። እኔ ስለ አለካኩና ስለ አምዱ ልጨምር።

የፍሳሽ ውኃ ያለ ምንም መድኃኒት እንኳ በ276 ናኖሜትር ብርሃን ይመጥጣል። የሟሟው ኦርጋኒክ ቁስ ያሳየው ንባብ እንደ ቀሪ መድኃኒት ተቆጥሮብዎት ከሆነ፣ እውነተኛው ውጤት ከ61 በመቶ የተሻለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መድኃኒት ያልገባበትን የፍሳሽ ውኃ ከሸክላው ጋር ለ24 ሰዓት አናውጠው፣ ለይተው፣ የእሱን ንባብ ይቀንሱ። ሌላ ጠርሙስ ደግሞ መድኃኒቱ ኖሮት ሸክላ ሳይገባበት በዚያው መናወጫ ላይ ይቀመጥ፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን በብርሃን ስለሚፈርስ፣ ሁሉም ጠርሙሶች በአልሙኒየም ፎይል ካልተጠቀለሉ ብርሃኑ ያጠፋውን ሸክላው እንደያዘው አድርገው ይጽፉታል። መድኃኒቱ ፍሎረሰንስ (ብርሃን ተቀብሎ መልሶ የማብራት ባሕርይ) ስላለው፣ ኤችፒኤልሲ በተባለው የፈሳሽ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ ለይቶ በፍሎረሰንስ መለኪያ ማንበብ ከተቻለ ከዚህ ሁሉ ጥርጣሬ ያወጣል። በሴንትሪፊዩጅ መለየትዎ መልካም ነው፤ አንዳንድ የማጣሪያ ወረቀቶች መድኃኒቱን ራሳቸው ይይዛሉና።

አምዱ የተዘጋው ስህተት ስለሠሩ አይደለም። ኩሬና የቆሻሻ ማከማቻ ጉድጓድ ውኃ እንዳያፈስ ወለላቸው የሚደፈነው በዚሁ ቤንቶናይት ነው። ከአሸዋ ጋር መቀላቀል መፍትሔ ይመስላል፤ ሆኖም በአሸዋ ውስጥ ጥቂት ቤንቶናይት እንኳ ውኃ የማሳለፍ ችሎታውን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተኩሶ ጠጠር ማድረግ እብጠቱን ያስቀራል፤ ግን ንጣፎቹ ተዘግተው ስለሚቀሩ የሚፈልጉት ቦታም አብሮ ይጠፋል። በአልጂኔት እንክብል ውስጥ ማሰር ይሠራል፤ ሆኖም መድኃኒቱ ወደ እንክብሉ መሐል እስኪደርስ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።

የእኔ ምክር አምዱን ትተው ማደባለቂያና ማጥለያ ገንዳ እንዲያስቡ ነው። እዚህ ላይ ያ ያስቸገረዎት ካልሲየም ይጠቅምዎታል፤ የሶዲየም ቤንቶናይት በለስላሳ ውኃ ውስጥ ለቀናት ተንሳፍፎ ሲቆይ፣ ካልሲየም ባለበት ውኃ ቅንጣቶቹ ተያይዘው ቶሎ ይዘቅጣሉ። ካልበቃ ጥቂት አልሙኒየም ሰልፌት ይረዳል።

መጠን ጨምሪ የተባሉትን ደግሞ በቁጥር እንየው። የክፍፍል መጠኑ 3.1 ሆኖ ከቆየ፣ በፍሳሹ ውኃ 96 በመቶ ለማስወገድ በአንድ ጊዜ በሊትር 7.7 ግራም ሸክላ ይጠይቃል። ያንኑ ሥራ በሁለት ደረጃ ካደረጉት፣ ማለትም 1.3 ግራም ጨምረው፣ አጥልለው፣ ለጠራው ውኃ እንደገና 1.3 ግራም አዲስ ሸክላ ከጨመሩ፣ በድምሩ 2.6 ግራም ይበቃል። በሦስት ደረጃ ሲሆን 1.8 ግራም ገደማ ይሆናል። ምክንያቱ እያንዳንዱ ደረጃ የቀረውን በአምስት የሚያካፍል ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ በሃያ አምስት ስለሚያካፍሉት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ ውኃ 7.7 ኪሎግራም ጭቃ ማስወገድና 2.6 ኪሎግራም ማስወገድ በጣም የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ጣቢያ ላይ የሠራ ሰው ይህን በትከሻው ያውቀዋል።

ምላሽ፦ ከ«የውኃ ተማሪ»

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጠርሙሶቹን በፎይል ጠቅልዬ፣ የተባለውንም ባዶ ንባብ ቀንሼ ሦስቱን ሙከራዎች ሠራሁ። ካልሲየም ብቻ የጨመርኩበት ውኃ ፒኤቹን ብቻ ከቀየርኩት የበለጠ ቅናሽ አሳየ፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከፍሳሹ ውጤት ጋር ተቀራረቡ፤ ትንሽ ልዩነት ግን ቀርቷል። የመመረቂያ ጽሑፌንም ከመቶኛ ወደ ክፍፍል መጠን እየቀየርኩት ነው።

አሁን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። አንደኛው፣ በሊትር 20 ሚሊግራም የሚለው መነሻ ክምችት ከእውነተኛው ፍሳሽ ጋር ይገናኛል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ መድኃኒቱን የያዘው ሸክላ በመጨረሻ የት ይሂድ የሚለው ነው። ለእርሻ መሬት ማሻሻያ ይሁን የሚል ሐሳብ ቀርቦልኝ ነበር።

መልስ 3፦ ከ«ባክቴሪያ ተመራማሪ»

የመጨረሻውን ሐሳብ እባክዎ አይቀበሉት። ምክንያቱን ከክምችቱ ጋር አያይዤ ላስረዳ።

በሊትር 20 ሚሊግራም ፈጽሞ የሌለ ነገር አይደለም። በሕንድ ሃይደራባድ አጠገብ ባለው ፓታንቸሩ፣ የመድኃኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብሎ ከሚያጣራ ጣቢያ በሚወጣ ውኃ ውስጥ እስከ 31 ሚሊግራም በሊትር ሲፕሮፍሎክሳሲን መገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ከመኖሪያ አካባቢ በሚመጣ ፍሳሽ ግን መጠኑ በናኖግራምና በጥቂት ማይክሮግራም የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ጥናትዎ የትኛውን ፍሳሽ እንደሚመለከት በግልጽ ይጻፉ፤ ሁለተኛው ከሆነ ሙከራውን በማይክሮግራም ደረጃ መድገም ያስፈልጋል፤ በከፍተኛ ክምችት የተሳለን የላንግሚዩር ኩርባ (በማዕድኑ የተያዘውን በውኃው ከቀረው ክምችት ጋር የሚያዛምድ) ወደ ታች ማስረዘም አስተማማኝ አይደለም።

ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲለማመዱ ከሚገፋው መጠን በታች ለመሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሲፕሮፍሎክሳሲን የቀረበው ገደብ በሊትር 0.064 ማይክሮግራም ነው። ከ20 ሚሊግራም ተነሥተን 96 በመቶ ብናስወግድ የሚቀረው 800 ማይክሮግራም ነው፤ ይህም ከገደቡ ከአሥር ሺህ እጥፍ በላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በቀጥታ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት መሆናቸው ሲታሰብ፣ የሚቀረው መጠን ከተወገደው መቶኛ በላይ ሊያሳስበን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2024 የአንቲባዮቲክ ማምረቻዎች ፍሳሽና ደረቅ ቆሻሻ እንዴት መያዝ እንዳለበት የሚገልጽ መመሪያ አውጥቷል፤ ደረቅ ቆሻሻው አብሮ መካተቱ ለእርስዎ ጥያቄ በቀጥታ የሚመለከት ነው።

ሸክላው መድኃኒቱን ያዘው እንጂ አላፈረሰውም። ከአፈር ጋር በተጣበቀ ቴትራሳይክሊን ላይ የተደረጉ ጥናቶች መድኃኒቱ ተጣብቆም ሳለ በባክቴሪያ ላይ እንደሚሠራ አሳይተዋል። እርሻ ላይ የተበተነ ሸክላ ደግሞ ማዳበሪያ፣ ኖራና የመስኖ ውኃ የሚያመጡት ካልሲየምና አሞኒየም ያገኙታል፤ በመልስ 1 የተገለጸው ልውውጥ ያን ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሄዳል፤ መድኃኒቱም ጥቂት በጥቂት እየተለቀቀ በአፈሩ ባክቴሪያዎች መካከል ይቆያል። ለመላመድ ከዚህ የተመቸ ሁኔታ አይገኝም።

የተሻለው መንገድ ማቃጠል ነው። መድኃኒቱ ከ300 ዲግሪ በታች መፍረስ ቢጀምርም፣ በንጣፎቹ መካከል ያለው ቅሪት ከስሎ እንዳይቀር ከ500 ዲግሪ ያላነሰ ሙቀትና በቂ አየር ይስጡት። መድኃኒቱ ፍሎሪን ስላለው የሚወጣው ጋዝ ታጥቦ መውጣት ይኖርበታል። በእርስዎ ቤተ ሙከራ መጠን ግን ማድረግ የሚችሉት ቀላል ማረጋገጫ አለ። መድኃኒት የያዘውን፣ ያልያዘውንና የተቃጠለውን ሸክላ ለየብቻ በትንሽ ንጹሕ ውኃ አርጥበው፣ ለሲፕሮፍሎክሳሲን ተጋላጭ የሆነ ኢ. ኮላይ በተዘራበት የአጋር ሳህን ላይ በትንንሽ ጉድጓዶች ያኑሩአቸው፤ በማግስቱ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበትን ቀለበት በማስመሪያ ይለኩ። አንዱን ሳህን በንጹሕ ውኃ ሳይሆን በሊትር 2 ሚሊሞል ካልሲየም ክሎራይድ ባለው ውኃ አርጥበው ቢደግሙት፣ ሸክላው መሬት ላይ ቢጣል ምን ያህሉን መልሶ ሊለቅ እንደሚችል የመጀመሪያ ፍንጭ ያገኛሉ፤ ይህም ለመመረቂያ ጽሑፍዎ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።